የፈራሁትና የሆነው

በዚያ ስብሰባ ላይ የብዕሬን ክዳን ስከፍትና ስዘጋ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ስምንት ሰዎች ነን። ፊት ለፊት ቆሞ የሚያስረዳው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚታየው ሪፖርት ግን የኔ ነው። ሠንጠረዦቹን አንድ በአንድ የሠራሁት፣ ቁጥሮቹን ሦስት ጊዜ ያመሳከርኩት፣ ሁለት ቀን ያመሸሁበት እኔ ነኝ። ታዲያ ለምን እሱ ያቀርበዋል ካላችሁ፣ ጠዋት ላይ «ጉሮሮዬን አሞኛል፣ ድምፄ አይወጣም» ብዬው ነው። ጉሮሮዬ ጤነኛ ነበር።

አራተኛው ስላይድ ላይ ሲደርስ የክፍላችን ኃላፊ እጃቸውን አነሱ። «ይህ ቁጥር ካለፈው ሩብ ዓመት እንዲህ የቀነሰው ለምንድን ነው?» ባልደረባዬ ወደ ግድግዳው ዞሮ ትንሽ ቆየና «የመረጃ አሰባሰብ ስህተት ሳይሆን አይቀርም፣ እናጣራለን» አለ። ስህተት አልነበረም። የሁለት ቅርንጫፎች መረጃ ዘግይቶ ስለደረሰ ወደ ቀጣዩ ሩብ ዓመት ተሻግሯል፤ የግርጌ ማስታወሻው ላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ክዳኑን ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ኃላፊያችን «ያልተጣራ ነገር ታዲያ ለምን ይቀርባል?» ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ አለፉ። ሪፖርቱ እንደገና እንዲሠራ ተወሰነ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ወጣሁና ምንም ስህተት የሌለበትን ሪፖርት እንደገና ስሠራ ሰነበትኩ።

ይህን የምጽፈው የብዕር ክዳን ሲከፍቱና ሲዘጉ ለሚውሉ ሰዎች ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ራሴን ለመለወጥ ብዙ ነገር ሞክሬያለሁ፤ ግማሹ አልሠራም። ያልሠራውንም እነግራችኋለሁ፤ እኔ ስጀምር የሠራላቸውን ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ጊዜዬን በልተውብኛልና።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ለዓመታት ራሴን ትሑት ነኝ እያልኩ ነው የኖርኩት። ሰውም እንደዚያ ይለኝ ነበር፤ «ዝምተኛ ናት፣ ጨዋ ናት»። ፍርሃት ትሕትና የሚል ስም ሲያገኝ በጣም ይመቸዋል፤ ማንም አይጠይቀውማ። ይሉኝታ ደግሞ አጋዡ ነው። «ብናገር ምን ይሉኛል» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ አብሮኝ ነበር፤ «ዝም ብልስ ምን ይጎድላል» የሚለው ግን አንድ ቀንም ትዝ ብሎኝ አያውቅም። በዚያ ስብሰባ ላይ የጎደለውን በዓይኔ አየሁት። የባልደረባዬ ፊት ነበር፤ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ።

የመጀመሪያ ሙከራዬ የዕለት ማስታወሻ መጻፍ ሆነ። ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ወረቀቱ ወፍራም የሆነ ቆንጆ ደብተር ገዛሁ። እንዳይበላሽ ሳስቼለት ሁለት ወር ሙሉ አንድ ፊደል ሳልጽፍበት ቀረ። (ይህን አሁን ሳስበው በሽታዬን በሙሉ የሚገልጽ ይመስለኛል።) በመጨረሻ ተራ የተማሪ ደብተር ይዤ ጀመርኩ። ማታ ማታ፣ ከመተኛቴ በፊት፣ ሰዓት ሳልገድብ እጽፋለሁ። አራት ወር ጻፍኩ።

ከዚያ አንድ እሑድ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። ደነገጥኩ። በየገጹ ያው ነገር ነው። «ለምን እንዲህ ሆንኩ? ለምን ሰው የሚችለው እኔን ያቅተኛል? ለምን ያኔ አልተናገርኩም?» በእርሳስ እያከበብኩ ቆጠርኩ፤ በአሥር ገጽ ውስጥ «ለምን» የሚለውን ቃል 31 ጊዜ ጽፌዋለሁ። አንዱንም አልመለስኩትም። የመጨረሻው ሳምንት ከመጀመሪያው ይልቅ የጨለመ ነበር። ራሴን የመረመርኩ መስሎኝ አራት ወር ሙሉ ራሴን ስከስ ከርሜያለሁ፤ ከሳሿም እኔ፣ ዳኛዋም እኔ፣ ጠበቃ የለም።

ማብሰልሰልና ማሰላሰል በአፍ ይቀራረባሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ይህን በኋላ ሳነብ ነው የተረዳሁት። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሱዛን ኖለን-ሆክሴማ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በተከታታይ ባደረገቻቸው ጥናቶች፣ ሐዘኑንና የሐዘኑን ምክንያት ደጋግሞ የሚያብሰለስል ሰው ድባቴው እንደሚረዝምበትና እንደሚጠናበት አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ትራፕኔልና ካምቤል የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ራስ ማሰብን ሁለት ቦታ ከፈሉት፤ አንደኛው ከስጋት የሚነሳ፣ ሁለተኛው ለማወቅ ከመጓጓት የሚነሳ። ሁለቱም ከውጭ ሲታዩ ያው ናቸው፤ ሰውዬው ተቀምጦ ስለ ራሱ ያስባል። የኔ አራት ወር በሙሉ የመጀመሪያው ዓይነት ነበር።

መጻፍ አይረዳም ማለቴ አይደለም። ጄምስ ፔንቤከርና ሳንድራ ቢል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች በሕይወታቸው ስለደረሰ ከባድ ነገር በቀን 15 ደቂቃ፣ ለአራት ተከታታይ ቀናት እንዲጽፉ ተደርገው ነበር። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት፣ ወዲያው ስሜታቸው ቢከፋም፣ በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነበር። በኋላ ፔንቤከር ጽሑፎቹን ሲመረምር ይበልጥ የተጠቀሙት ከቀን ወደ ቀን «ምክንያቱም»፣ «አሁን ገባኝ» የመሳሰሉ ቃላት እየበዙላቸው የሄዱት መሆናቸውን አገኘ። አራት ቀን፣ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ ታሪኩ ይለወጣል። እኔ አራት ወር፣ ያለ ገደብ፣ ታሪኩ ያው።

ሁለተኛው ሙከራዬ ያሳፍረኛል፤ ቶሎ ልለፈው። መስታወት ፊት ቆሜ «እችላለሁ፣ ብቁ ነኝ፣ ሰው ያከብረኛል» ማለት ነው። ሦስት ሳምንት ያህል ቆየሁበት። ችግሩ «ብቁ ነኝ» ባልኩ ቁጥር ከውስጤ የሚመልስልኝ ድምፅ መኖሩ ነው፤ «ጉሮሮሽን ምን ሆነሽ ነበር ታዲያ?» ይለኛል። ከመስታወቱ ፊት የምሄደው ከመጣሁበት ዝቅ ብዬ ነበር። ብቻዬን አልነበርኩም፤ ካናዳ ውስጥ ጆአን ዉድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት «የምወደድ ሰው ነኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ደጋግመው ለራሳቸው ያሉ፣ ለራሳቸው ዝቅ ያለ ግምት የነበራቸው ሰዎች፣ ምንም ካላሉት ይልቅ ስሜታቸው ከፍቶ ተገኝቷል። በመጠኑ የተጠቀሙት ድሮም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ናቸው። ያለው ይጨመርለታል እንደማለት ነው። ለሚሠራለት ሰው አልከለክልም፤ እኔ ግን ራሴን በባዶ ቃል ማሳመን አልቻልኩም። ማስረጃ የምትፈልግ ሰው ነኝ፤ ሥራዬም እሱ ነው።

ሦስተኛው ነገር የመጣው ከዚሁ ከሥራዬ ነው። በየሩብ ዓመቱ ዕቅድና ክንውን እናነጻጽራለን። በግራ በኩል የታቀደው፣ በቀኝ በኩል የተከናወነው፣ በመጨረሻ ልዩነቱ። አንድ ቀን ይህንኑ ሠንጠረዥ እየሠራሁ ሳለ፣ የኔ ፍርሃት ሁሉ ትንበያ እንደሆነ ድንገት ታየኝ። «ይስቁብኛል» ትንበያ ነው። «ቃል ይጠፋብኛል» ትንበያ ነው። ይህን ያህል ዓመት ስተነብይ፣ ትንበያውን ከክንውኑ ጋር አንድ ቀን አመሳክሬ አላውቅም። ማንም መሥሪያ ቤት እንዲህ አይሠራም።

የዚያን ዕለት ማታ ደብተሬን ከመጨረሻው ገጽ ገልብጬ በማስመሪያ ሁለት ዓምድ አሰመርኩ። ግራው «የፈራሁት»፣ ቀኙ «የሆነው»። ሕጉ ቀላል ነው። አንድ የሚያስፈራኝን ነገር ከማድረጌ በፊት ምን ይሆናል ብዬ እንደምጠብቅ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንኩ ከመቶ እሰጠዋለሁ። ከሆነ በኋላ በዚያው ቀን የሆነውን እጽፋለሁ። የሆነውን ብቻ፤ ዓይን ያየውን፣ ጆሮ የሰማውን። «ሁሉም ናቁኝ» ተብሎ አይጻፍም፤ ንቀት አይታይማ። «አንዱ ስልኩን አየ» ተብሎ ነው የሚጻፍ።

የመጀመሪያውን እንዳለ ልገልብጥላችሁ።

«ማክሰኞ። ስብሰባው ላይ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። የፈራሁት፦ ሁሉም ዞሮ ያየኛል፣ ጥያቄው የሞኝ ነው ይባላል። 90 በመቶ። የሆነው፦ ሁለት ሰዎች ዞሩ። አንደኛዋ እያዛጋች ነበር። መልስ ተሰጠኝ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር ተወራ።»

ያቺን ማዛጋት አልረሳትም። እኔ ልቤ ከደረቴ ሊወጣ ሲደርስ ሰው ያዛጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠሩት ሙከራ ይህንኑ ነው የሚለው። ተማሪዎችን አንድ በአንድ የአንድ ዘፋኝ ምስል ያለበት፣ መልበሱ የሚያሳፍር ቲሸርት አልብሰው ሰው ወደሞላበት ክፍል ያስገቧቸዋል፤ ሲወጡ ስንት ሰው ቲሸርትሽን ያስተዋለ ይመስልሻል፣ ይመስልሃል ተብለው ይጠየቃሉ። ግማሽ ያህሉ አስተውሏል ብለው ገመቱ። በእርግጥ ያስተዋለው ሩብ ገደማ ነበር። ሰው በራሱ ቲሸርት ተይዟል፤ የኔን የሚያይበት ጊዜ ያጣል።

በሦስት ወር ውስጥ 23 መስመር ሞላሁ። ቆጠርኩት። ከ23ቱ የፈራሁት በፈራሁት መልክ የሆነው አራቱ ላይ ብቻ ነው። አብዛኞቹን 80 እና 90 በመቶ እርግጠኛ ነኝ ብዬባቸው ነበር። ይህን ያህል የሚሳሳት ባለሙያ ብንቀጥር በሙከራ ጊዜው ነበር የምናሰናብተው። ድፍረት አልተሰማኝም፤ እውነቱን ለመናገር ከመናገሬ በፊት የሚመጣው ምጥ ያው ነበር። የተለወጠው ሌላ ነው። ያ ከውስጥ የሚያስጠነቅቀኝ ድምፅ ለዓመታት እንደ ታላቅ ሰው ሲከበር ኖሮ አሁን ማዕረጉን አጣ። ሲናገር እሰማዋለሁ፤ «ባለፈውም እንዲህ ብለኸኝ ነበር» እለዋለሁ።

አሁን ወደ አራቱ ልመለስ፤ ትልቁ ትምህርት ያለው እነሱ ላይ ነው። መጀመሪያ ልዘላቸው አስቤ ነበር። 19ኙን አይቶ መደሰት ቀላል ነዋ። ግን በራስ መተማመን ማለት የማይመቸውን መስመር እያለፉ ማንበብ ከሆነ ከመስታወቱ በምን ይሻላል? ቁጭ ብዬ አራቱን አጠገብ ለአጠገብ ጻፍኳቸው። አንዱ ፋይል ሳይያያዝበት የተላከ ኢሜይል ነው፤ ቸኩዬ ነው፣ ይለፍ። ሦስቱ ግን ያው ናቸው፤ ስናገር ቆይቼ ድንገት ቃል ጠፍቶኝ ቆሜ ቀርቻለሁ። በፊት ቢሆን «አየሽ፣ ተፈጥሮሽ ነው» ብዬ እዘጋው ነበር። አሁን ግን «ለምን እንዲህ ነኝ» የሚለውን ትቼ «ምን አድርጌ ነበር፣ መቼ ነው የጠፋኝ፣ ከዚያ በፊት ምን ሆነ» ብዬ ጠየቅኩ። በሦስቱም ላይ የምናገረውን ቃል በቃል ሸምድጄ ነው የገባሁት። በሦስቱም ላይ ሰው መሐል ገብቶ ጥያቄ ጠይቆኛል። የተሸመደደ ንግግር እንደ ዶቃ ክር ነው፤ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ሁሉም ይፈስሳል።

ይህ እንግዲህ የባሕርይ ጉድለት አይደለም፤ የአዘገጃጀት ስህተት ነው። ለዓመታት «ፈሪ ነኝ» ብዬ የቀበርኩት ነገር ሥር «በተሳሳተ መንገድ እዘጋጃለሁ» የሚል ጥቃቅን፣ ሊስተካከል የሚችል እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ መሸምደድ ተውኩ። በትንሽ ወረቀት ላይ አምስት ቃል ብቻ እጽፋለሁ፤ ለእያንዳንዱ ሐሳብ አንድ ቃል። የቀረውን ጊዜ «ምን ሊጠይቁኝ ይችላሉ» በሚለው ላይ አጠፋለሁ። ቀጥሎ በሞላኋቸው መስመሮች ላይ ቃል መጥፋቱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተመለሰው።

አልበርት ባንዱራ የሚባል ሰው አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ካናዳ ተወልዶ በ2021 ያረፈ፣ አብዛኛውን ዕድሜውን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያሳለፈ የሥነ ልቦና ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው «ይህን ነገር ማድረግ እችላለሁ» የሚለው እምነቱ ከአራት ምንጮች እንደሚቀዳ ጻፈ። አንደኛው ራሱ አድርጎ ማየቱ፣ ሁለተኛው እንደሱ ያለ ሰው ሲያደርገው ማየቱ፣ ሦስተኛው ሰዎች አይዞህ፣ አይዞሽ ማለታቸው፣ አራተኛው የሰውነቱን ስሜት የሚተረጉምበት መንገድ ነው። ጠንካራው የመጀመሪያው ነው ይላል። እባብ እጅግ ከሚፈሩ ሰዎች ጋር ሲሠራ ምክር ሲሰጥ አልዋለም፤ ሌላ ሰው እባቡን ሲይዝ አሳያቸው፣ ከዚያ እነሱ ራሳቸው ቀስ በቀስ፣ መጀመሪያ በጓንት፣ ከዚያ በባዶ እጅ እንዲነኩት ረዳቸው።

ይህን ሳነብ የኔ ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ እንደነበር ገባኝ። መጀመሪያ ልተማመን፣ ከዚያ አደርገዋለሁ ብዬ ነበር የምጠብቀው። ብዙዎቻችን እንደዚያ እየጠበቅን ነው የምናረጅ። መሰላል ሠራሁ። የመጀመሪያው ደረጃ፣ በስብሰባ አንድ ጥያቄ። ቀጥሎ አንድ አስተያየት። ቀጥሎ ለሦስት ሰዎች አምስት ደቂቃ። ቀጥሎ ለስምንቱ ሃያ ደቂቃ። አንዱን ደረጃ ሦስት ጊዜ ሳልረግጥ ወደ ላይኛው አልሄድም። አንዳንዱ ደረጃ ላይ ሁለት ወር ቆይቻለሁ፤ ማንም አላባረረኝም። ሁለተኛው ምንጭም ሳላስበው ጠቀመኝ። በንግግር የተካኑ ሰዎችን ቪዲዮ ማየት ምንም አላደረገልኝም፤ «እነሱማ እነሱ ናቸው» ነው የምለው። የረዳችኝ ከሌላ ክፍል የመጣች፣ ወረቀቷ እጇ ላይ እየተንቀጠቀጠ አቅርባ የጨረሰች አንዲት ዝምተኛ ሴት ናት። እሷ ከቻለች ብዬ አሰብኩ።

ስለ ራሴ ክፉ የማስበው ብዙው ሐሰት ነው ብዬ ልደሰት ስል፣ ስለ ራሴ ደግ የማስበውስ የሚል ጥያቄ መጣ። እሱንም ማመሳከር ነበረብኝ። ጥሩ አድማጭ ነኝ ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ዝምተኛ ሰው ሌላ ምን ይሆናል? እህቴን ጠየቅኳት። መጀመሪያ «ስለኔ ምን ታስቢያለሽ?» ብዬ ነው የጠየቅኳት፤ «ጎበዝ ነሽ» አለችኝና ስልኳን ማየት ቀጠለች። እንደዚያ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ምስጋና ነው የምታገኙት። ሌላ ቀን ቀይሬ «ባለፈው ወር ያስቀየምኩሽን አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አልኳት። ስልኳን አስቀመጠች።

«እውነቱን ልንገርሽ? ሳወራሽ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል።»

«እንዴት ይንቀሳቀሳል?»

«የምትመልሽልኝን እየተለማመድሽ ነው። እናታችንም ታውቀዋለች።»

ሁለት ቀን አኮረፍኩ። በሦስተኛው ቀን ስልክ እያወራሁ መስታወት ፊት አለፍኩ፤ ከንፈሬ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ስብሰባ ላይ የምሸመድደውን ነገር ከእህቴ ጋር ስጨዋወት እንኳ እሸመድድ ነበር ማለት ነው። ሰዎች የሚሉኝን ሳልሰማ፣ የምለውን ሳዘጋጅ ዓመታት አልፈዋል። ይህን በራሴ ደብተር ሺህ ገጽ ብጽፍ አላገኘውም ነበር፤ ዓይን ራሱን አያይማ። አሁን በየሦስት ወሩ አንድ ሰው እጠይቃለሁ፤ ሁልጊዜ አንድ የተወሰነ ነገር፣ ሁልጊዜ በቅርብ የሆነ። ሲነግሩኝ አላብራራም፤ «አመሰግናለሁ» ብዬ ዝም። ማብራራት ከጀመራችሁ ሁለተኛ አይነግሯችሁም።

አንድ ጠቃሚ ብልሃት ልጨምር። ነገሩ በጣም ሲከብደኝ «እኔ» ብዬ አልጽፍም፤ ለራሴ በስሜ እየጠራሁ፣ «አንቺ» እያልኩ ነው የምጽፈው። ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ከሚያስጨንቅ ንግግር በፊት ራሳቸውን በስማቸው እየጠሩ ያሰቡ ሰዎች «እኔ» እያሉ ካሰቡት የተሻለ ተናግረዋል፣ በኋላም ያን ያህል አላብሰለሰሉም። ለወዳጄ የማልናገረውን ክፉ ቃል ለራሴ ስናገር መኖሬን የያዝኩት በዚህ ነው። «አንቺ ደደብ» ብዬ ልጽፍ እጄ አልታዘዘም።

ወድቆ ስለ መነሣት ካልነገርኳችሁ ጉድለት ይሆናል። ከእነዚያ 23 መስመሮች በኋላ ለአንድ ከፍ ያለ የሥራ መደብ ተወዳደርኩ። የጽሑፍ ፈተናውን አለፍኩ፣ በቃለ መጠይቁ ቀረሁ። ደብተሩ ላይ የፈራሁት «አልመረጥም፣ 70 በመቶ» ነበር፤ ልክ ነበርኩ። በፊት ቢሆን ከዚህ በኋላ አምስት ዓመት አልወዳደርም። አሁን ግን የተጠየቅኩትን ሰባት ጥያቄ የዚያኑ ዕለት አስታውሼ ጻፍኩ። አምስቱን በደንብ መልሻለሁ። ሁለቱ በጀት ነክ ነበሩ፤ ስለ በጀት ብዙ አላውቅም፣ ይኸው ነው። የበጀት ሥልጠና ወሰድኩ። ቦታውን እስካሁን አላገኘሁትም። በሚቀጥለው ሲወጣ ግን እወዳደራለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ መስመር የመጀመሪያውን ስብሰባ የሚመለከተው ነው። ለባልደረባዬ እውነቱን ለመንገር ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል። ደብተሩ ላይ «ይቀየመኛል፣ ዳግመኛ አያምነኝም፣ 85 በመቶ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥራ ስንወጣ ደረጃው ላይ ያዝኩትና ጉሮሮዬን አሞኝ እንዳልነበረ፣ የጥያቄውን መልስ አውቀው እንደነበረ ነገርኩት።

ቆመ። «የግርጌ ማስታወሻውን ነው የምትይኝ?»

«አዎ።»

«አንብቤው ነበር እኮ» አለኝ። «እሳቸው ዓይን ዓይኔን ሲያዩኝ ብን ብሎ ጠፋኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት። ለዓመት ያህል አንቺን ባየሁ ቁጥር አፍር ነበር፤ ሥራሽን ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ ብዬ።»

ደረጃው ላይ ቆመን ተሳሳቅን፤ ሳቁ ግን ሆዴን አላቀለለውም። ሁለት ሰዎች፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ አንድ ዓመት ሙሉ ባልሆነ ነገር ሲተፋፈሩ። ቀኙ ዓምድ ላይ ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ቆየሁና የተናገረውን ቃል በቃል ጻፍኩት።

አንዳንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ሁሉም ፍርሃት ሐሰት አይደለም። የተናገረን የሚያሳድድ አለቃ ያለበት ቦታ ካላችሁ፣ ደብተሩ የሚነግራችሁ ፍርሃታችሁ ልክ መሆኑን ነው፤ ያኔ መፍትሔው ድፍረት ሳይሆን ቦታ መቀየር ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሐዘኑ ወይም የነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት በየቀኑ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከዘለቀ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከተናጋ፣ ይህ የደብተር ጉዳይ አይደለም፤ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ መሄድ ነው። በሕይወት መኖርን የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ሁለት ሳምንትም አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ለሚቀርባችሁ ሰው ንገሩ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሦስተኛ፣ ስትጀምሩ በሳምንት ሁለት መስመር ይበቃል። እኔ በየቀኑ ለመጻፍ የሞከርኩበት ወር ወደ ማብሰልሰሉ ሊመልሰኝ ነበር። ከ15 ደቂቃ በላይ ከተቀመጥኩ ተነሥቼ እሄዳለሁ፤ ያ ቆንጆ ደብተር አሁንም ባዶውን መደርደሪያ ላይ አለ።

ባለፈው ሳምንት አርባ ሰው በተሰበሰበበት አቀረብኩ። ለኔ እስካሁን ትልቁ ነው። ጠዋት ደብተሬን አውጥቼ «ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ 95 በመቶ» ብዬ ጻፍኩ። አምስት ቃል ያለባትን ወረቀቴን ይዤ ገባሁ። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ተንቀጠቀጠ፤ ማይክሮፎኑ ደግሞ አጉልቶ አወጣው። ሦስተኛው ደቂቃ አካባቢ ውኃ ጠጣሁ፣ ቀጠልኩ። ሁለት ጥያቄ መጣ፤ አንዱን መለስኩ፣ ለሁለተኛው «አላውቀውም፣ አጣርቼ እመልሳለሁ» አልኩ። ማታ ቀኙ ዓምድ ላይ የጻፍኩት ይህን ነው፤

«ተንቀጠቀጠ። እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። ከኋላ ወንበር ያለ አንድ ሰው ማስታወሻ ይይዝ ነበር።»